ጋሪ ኪልዶል እና የስርዓተ ክወና ምርጫ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ የሚሠራ መሐንዲስ ከመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ደጋግመው ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ፣ ለኮምፒዩተር የሚበጀው ስርዓተ ክወና የትኛው ነው የሚለው ነው። ጠያቂው የሚጠብቀው አንድ ስም ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው፤ የሚበጀው ለየትኛው ሥራ፣ በምን ዓይነት መሣሪያ ላይና በማን እጅ እንደሆነ አይገልጽምና። ይህን ጉድለት ከብዙ የማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ አለ። ሰውየው አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ዶክተር ጋሪ ኪልዶል ነው። ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ለትናንሽ ኮምፒዩተሮች ስርዓተ ክወና መርጦ መጫን የተቻለው በአብዛኛው በእርሱ ሥራ ምክንያት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሪ አርለን ኪልዶል ሜይ 19 ቀን 1942 በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በሲያትል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ መርከበኞችን የሚያሠለጥን የባሕር ጉዞ ትምህርት ቤት ነበረው፤ ጋሪም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በዚሁ ትምህርት ቤት አስተምሯል። የባሕር ጉዞ ትምህርት የሚጀምረው ከመድረሻው ነው፤ ካርታውና የጉዞው መሥመር የሚመረጡት መድረሻው ከታወቀ በኋላ ነው። ኪልዶል በኋላ በኮምፒዩተር ሙያ ያሳየው አካሄድም ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ቀጥሎም የሒሳብ መምህር የመሆን ሐሳብ ይዞ ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1963 ከተማሪነቱ ጀምሮ የሚያውቃትን ዶሮቲ ማክዩዊንን አገባ። በዩኒቨርሲቲው ከኮምፒዩተር ጋር ከተዋወቀ በኋላ ግን የሕይወቱ አቅጣጫ ተለወጠ። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ጊዜ ስለነበረ የወታደራዊ አገልግሎት ግዴታውን በባሕር ኃይል ውስጥ ፈጸመ፤ ከ1969 ጀምሮም በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ ከተማ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ያስተምር ጀመር። የዶክትሬት ዲግሪውን በ1972 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተቀበለ። በ1973 ያቀረበው የምርምር ጽሑፍ፣ አንድ ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም ይበልጥ የሚቀላጠፍበትን ዘዴ በሒሳብ መሠረት ላይ ያቆመ ነበር፤ ዘዴውም እስከ ዛሬ በኮምፓይለሮች ውስጥ ይሠራበታል። በዚህ ብቻ ቢያቆም እንኳ ስሙ በሙያው ታሪክ ውስጥ በቀረ ነበር።

በ1971 የኢንቴል ኩባንያ 4004 የተባለውን ማይክሮፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። ብዙዎች ይህን ትንሽ ቁራጭ ለሒሳብ ማሽንና ለመሳሰሉት መቆጣጠሪያ ብቻ የሚሆን አድርገው ተመለከቱት። ኪልዶል ግን ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር ሊሆን እንደሚችል ስለተገነዘበ ገዝቶ ይመራመርበት ጀመር። ከማስተማር ሥራው በሚተርፈው ጊዜም ለኢንቴል በአማካሪነት ሠራ፤ ለማይክሮፕሮሰሰር ፕሮግራም መጻፊያ የሚሆነውን ፒኤል/ኤም የተባለ ቋንቋም በ1973 አዘጋጀ።

በዚያን ጊዜ በትናንሽ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚሠራ ሰው ትልቁ ችግሩ የመረጃ ማስቀመጫ ነበር። ፕሮግራም የሚቀመጠው በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ላይ ስለነበረ ማንበቡም ሆነ ማረሙ እጅግ አድካሚ ነበር። ኪልዶል ሹጋርት ከተባለው ኩባንያ አንድ የፍሎፒ ዲስክ መሣሪያ አገኘ፤ ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጓደኛው ጆን ቶሮድ ሠራለት። በ1974 ዲስኩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ሥራ ጀመረ። ስሙም ሲፒ/ኤም ተባለ። ኢንቴል ፒኤል/ኤምን ሲወስድ ሲፒ/ኤምን ግን ሳይፈልገው ስለቀረ፣ የፈጠራው ባለቤትነት በጸሐፊው እጅ ቆየ። በ1976 ኪልዶልና ዶሮቲ በኋላ ዲጂታል ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ መቀመጫውም ከሞንተሬይ አጠገብ ባለችው በፓሲፊክ ግሮቭ ከተማ ነበር። እርሱ የሙያውን፣ እርስዋ የንግዱን ሥራ ይመሩ ነበር።

ስርዓተ ክወና በተጠቃሚው ፕሮግራምና በመሣሪያው መካከል የሚቆም አስተዳዳሪ ነው። ማህደረ ትውስታን ያከፋፍላል፤ ፋይሎችን በዲስክ ላይ ያደራጃል፤ ከቁልፍ ሰሌዳው ይቀበላል፤ ወደ ማተሚያው ይልካል። አምራቾች እየበዙ ሲሄዱ የእያንዳንዱ ኮምፒዩተር አሠራር ከሌላው ስለተለየ፣ ሲፒ/ኤምን ለእያንዳንዱ እንደገና መጻፍ ግድ ሆኖ ነበር። ኪልዶል በ1976 እና በ1977 መካከል ለዚህ ችግር የሰጠው መፍትሔ የሕይወቱ ታላቅ ሥራ ነው። ከመሣሪያው ጠባይ ጋር የተሳሰረውን የፕሮግራሙን ክፍል ነጥሎ ለብቻው አስቀመጠው፤ ባዮስ ብሎም ጠራው። የቀረው ትልቁ ክፍል በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ዓይነት ሆነ።

የዚህን አሳብ ጥቅም ለመረዳት በየከተሞቻችን ያለውን የእህል ወፍጮ መመልከት ይበቃል። መብራት ባለበት ቀበሌ በኤሌክትሪክ ሞተር፣ መብራት በሌለበት በናፍጣ ሞተር ይዞራል። ሞተሩ ሲለወጥ የወፍጮው ድንጋይ አይለወጥም፤ የሚስተካከለው ሁለቱን የሚያገናኘው ቺንጋ ነው። ባዮስም እንዲሁ ያለ ቺንጋ ነበር። አምራቹ የራሱን ባዮስ ብቻ ከጻፈ ሲፒ/ኤም በመሣሪያው ላይ ይሠራለታል፤ በሲፒ/ኤም ላይ የተጻፉት ፕሮግራሞችም አብረው ይመጡለታል። ለጽሕፈት የተዘጋጀው ዎርድስታርና ለመረጃ አያያዝ የተዘጋጀው ዲቤዝ በመጀመሪያ የተስፋፉት በዚህ መንገድ ነው። የኮምፒዩተር ገዢ ከዚያ በፊት አምራቹ የሰጠውን ብቻ ይቀበል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ፕሮግራሙን አስቀድሞ መርጦ፣ መሣሪያውን በአቅሙ ልክ ለመግዛት ቻለ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኪልዶል ራሱ አንድ ስርዓተ ክወና ለሁሉም ሥራ ይበቃል ብሎ አለመቀመጡ ነው። ሲፒ/ኤም አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ የሚሠራበት ነበር። ብዙ ሠራተኞች በአንድ ኮምፒዩተር ለሚገለገሉበት ቢሮ በ1979 ኤምፒ/ኤም የተባለውን አወጣ። አንድ ሰው ብዙ ሥራዎችን ጎን ለጎን እንዲያካሂድ የሚያስችለው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ። ኩባንያው ከዚያም አልፎ፣ ለእያንዳንዱ ምልክት በተወሰነ ቅጽበት ውስጥ ምላሽ መስጠት ለሚገባቸው የፋብሪካና የገበያ መሣሪያዎች የተለየ ስርዓተ ክወና አዘጋጀ።

በ1980 የአይ.ቢ.ኤም. ሰዎች ለአዲሱ የግል ኮምፒዩተራቸው ስርዓተ ክወና ፍለጋ ወደ ፓሲፊክ ግሮቭ መጡ። በዚያን ቀን ኪልዶል ለመዝናናት በአውሮፕላን ሲበር ዕድሉ አመለጠው የሚለው ወሬ በሰፊው ተነግሯል። በእርግጥ የሄደው በገዛ አውሮፕላኑ ለሥራ ጉዳይ ሲሆን ከሰዓት በኋላም ተመልሷል። ዶሮቲ ግን እንግዶቹ ያቀረቡትን የምስጢር መጠበቂያ ውል ለመፈረም አመንትታ ነበር። ያም ሆነ ይህ ስምምነቱ አልሠመረም። ማይክሮሶፍት በሲያትል በሚገኝ አንድ ኩባንያ ውስጥ በቲም ፓተርሰን የተጻፈውን፣ አገልግሎቱም በሲፒ/ኤም አርአያ የተቀረጸውን ስርዓተ ክወና ገዝቶ ለአይ.ቢ.ኤም. አቀረበ። ኪልዶል መመሳሰሉን አይቶ አቤቱታ ባሰማ ጊዜ፣ አይ.ቢ.ኤም. ለአዲሱ ፕሮሰሰር የተዘጋጀውን ሲፒ/ኤም-86ንም አብሮ ለመሸጥ ተስማማ።

ኦገስት 1981 የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ወጣ። ገዢው ስርዓተ ክወና እንዲመርጥ ተፈቅዶለት ነበር፤ ዳሩ ግን የማይክሮሶፍቱ ዋጋ 40 ዶላር ሲሆን ዘግይቶ የቀረበው ሲፒ/ኤም-86 240 ዶላር ነበር። በዚህ ልዩነት ምርጫው አስቀድሞ አልቆ ነበር። ብዙ ገዢ ወደ ረከሰው ሲያዘነብል የፕሮግራም ጸሐፊዎች ተከተሉት፤ ፕሮግራሞቹም የቀረውን ገዢ አስከተሉ።

ይህ ሁኔታ ለአዳማ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በከተማችን በኩል የሚያልፈው የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ሲሆን ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም፤ ጭነቱም ፉርጎው ወዳለበት ሐዲድ ይዞራል። ስርዓተ ክወና ሐዲድ፣ ፕሮግራሞችም ፉርጎዎች ናቸው። ጭነት ያለው ነጋዴ የሐዲዱን ውበት ሳይሆን ፉርጎው መድረሻው ድረስ መሄዱን ይጠይቃል።

ኪልዶል ከዚህ በኋላ ከሥራ አልራቀም። ኩባንያው በ1985 በሥዕል የሚታዘዘውን ጄም የተባለ የሥራ ገጽ፣ በ1988 ደግሞ ዲ.አር. ዶስን አወጣ። እርሱ ራሱ ሌላ ኩባንያ አቋቁሞ፣ ኢንሳይክሎፔዲያ በሲዲ ላይ እንዲወጣ በማድረግ ረገድ በ1985 ቀዳሚ ሆነ። በ1980ዎቹም ስለ ኮምፒዩተር በሚተላለፍ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ በተባባሪ አቅራቢነት ሕዝብን አስተማረ። በ1991 ኖቬል ዲጂታል ሪሰርችን ገዛው። ኪልዶል በሞንተሬይ ከተማ ራሱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ጁላይ 11 ቀን 1994 በ52 ዓመቱ ዐረፈ፤ በትውልድ ከተማው በሲያትልም ተቀበረ። የዓለም የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አይ ትሪፕል ኢ፣ በ2014 በቀድሞው መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የመታሰቢያ ሰሌዳ አኖረለት።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚሠራ ባለሙያ ሊወስደው የሚገባው ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከሥራው መነሣት ነው። የሒሳብ ክፍሉ የሚገለገልበት ፕሮግራም ለዊንዶውስ ብቻ የተጻፈ ከሆነ ስርዓተ ክወናው ተመርጧል ማለት ነው። ፋይሎችን ለብዙ ኮምፒዩተሮች ለሚያከፋፍል፣ ሌሊትና ቀን ለሚሠራ ሰርቨር ግን የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት ሊኑክስ ይመቻል። በዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣትም የስርዓተ ክወናን ውስጣዊ አሠራር ከምንጩ አንብቦ ሊመረምር የሚችለው በዚሁ ነው። የፋብሪካን የእንፋሎት ማሞቂያ ለሚቆጣጠር መሣሪያ ደግሞ በቅጽበት ለመመለስ የተሠራ ስርዓት እንጂ ለደብዳቤ መጻፊያ የታሰበ አይመጥንም። ከነዚህም ሁሉ ጋር፣ በተበላሸ ጊዜ በከተማው ውስጥ የሚጠግነው ባለሙያ መኖር አለመኖሩ ይመዘናል።

ሁለተኛው ትምህርት የሚለወጠውን ከማይለወጠው መለየት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ለብዙ ዓመታት የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶች የፊደል አወካከላቸው በአንድ ፕሮግራምና በአንድ ስርዓተ ክወና የተወሰነ ነበር፤ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን፣ በዩኒኮድ የተጻፈ ደብዳቤ በዊንዶውስም በሊኑክስም በእጅ ስልክም ይነበባል። ሰነዱን በዩኒኮድ የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት ነገ ስርዓተ ክወናውን ቢለውጥ መዝገቡን አያጣም። ይህ የኪልዶል አሳብ በፊደላችን ላይ ሲውል ነው።

ጉዳዩ የሚያስቸኩል ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ደህና የሚሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች ተከታዩ ስሪት የሚጠይቀውን የፕሮሰሰርና የጥበቃ መሣሪያ ስለማያሟሉ ወደ እርሱ ሊሻገሩ አይችሉም። ባለቤቶቻቸው ያለ ጥበቃ ይቀጥሉ፣ በውድ ዋጋ አዲስ ይግዙ፣ ወይስ ሌላ ስርዓተ ክወና ይጫኑ የሚለውን የሚጠይቁት መሐንዲሱን ነው። መሐንዲሱ ከመመለሱ በፊት እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ፕሮግራም እንደሚያስፈልገው፣ ሰነዶቹም በምን እንደተጻፉ በዝርዝር መመዝገብ ይኖርበታል። ደብዳቤ ብቻ የሚጻፍበት ኮምፒዩተር በቀላል ሊኑክስ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ከዊንዶውስ ሊላቀቅ ለማይችለው ብቻ ደግሞ አዲስ ይገዛል። ይህን ሳያደርግ አንድ ስም ብቻ የሚመልስ መሐንዲስ የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብና መዝገብ ለአጋጣሚ አሳልፎ ይሰጣል።