ከስልኩ በፊት የነበረው መምህር

ስለ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ከስልክ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም። የስድስት ዓመቷ እህቴ «ሩዝ» ለማለት «ሉዝ» ስትል አዳማ ያለው ሰፈራችን በሙሉ ይስቃል፤ እኔም እያስደገምኳት ስቄያለሁ። ለካ ሰውየው ከስልኩ በፊት የልጆችን አንደበት የሚያቃና መምህር ኖሯል!

ቤል እ.ኤ.አ. በ1847 በስኮትላንድ ኤደንብራ ተወለደ። አያቱ አነጋገር የሚያርሙ መምህር ነበሩ፤ የእናቱ ጆሮ ደግሞ ደካማ ነበር። አባቱ በ1867 ለእያንዳንዱ ድምፅ ምላስና ከንፈር የት እንደሚያርፉ የሚያሳይ ፊደል አሳተሙ። ሁለት ወንድሞቹን ሳንባ ነቀርሳ ነጠቀውና በ1870 ቤተሰቡ ወደ ካናዳ ተሰደደ። በዓመቱ ቤል ቦስተን ገብቶ መስማት የተሳናቸውን ልጆች በአባቱ ፊደል መናገር ያስተምር ጀመር። ስልኩን በስሙ ያስመዘገበው በ1876 ነው። በቀጣዩ ዓመት ያገባት ሜብልም በልጅነቷ መስማት ያቆመች ተማሪው ነበረች።

ጥፋትም አለበት። ትምህርት በአፍ ንግግር ብቻ ይሁን እያለ የምልክት ቋንቋን ተቃወመ፤ በዚህ አስተሳሰብ ብዙ ልጆች የሚግባቡበትን ቋንቋ ተነፍገዋል። በ1922 አረፈ።

እኔ ከሁለቱም ተምሬያለሁ። እናቴ የእህቴን ጆሮ አስመረመረች፤ ደህና ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም አዳመጥኳት፤ «ረ» በሁለቱም ቸግሯታል። አሁን መስታወት ፊት ቁጭ ብለን ምላሳችንን እናያለን። ስታወራኝ ግን ላርምሽ ብዬ አላቋርጣትም። እየተኮላተፈችም ቢሆን ወሬዋን ትጨርስ።