አርማወር ሐንሰን፤ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው ሐኪም

በአዲስ አበባ በዘነበ ወርቅ ሰፈር፣ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የሚገኘው የምርምር ተቋም በአርማወር ሐንሰን ስም ይጠራል። ስሙን የሚጠራው ብዙ ነው፤ ሰውዬው ማን እንደነበረ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሕይወቱን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናወሳ ወደድን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጌርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሐንሰን በ1841 በኖርዌይ አገር፣ በርገን በምትባለው የወደብ ከተማ ተወለደ። በ1866 የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ፤ በ1868ም በዚያችው ከተማ በሚገኙት የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ሥራ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሥጋ ደዌ በኖርዌይ የድኻ ገበሬና የዓሣ አጥማጅ መከራ ነበር። የሆስፒታሉ ታላቅ ሊቅ ዳንኤልሰን በሽታው በዘር የሚወርድ ነው ብሎ ያስተምር ነበር፤ ይህንም ለማስረዳት ከበሽተኞች የተወሰደውን በገዛ ሰውነቱ ላይ አስገብቶ ሞክሯል። በገዛ ሰውነቱ መሆኑን ልብ ይሏል። ሐንሰን የዚሁን ሊቅ ልጅ በ1873 አገባ፤ ሚስቱ ግን ዓመቱ ሳያልቅ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት።

በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ 28 ቀን ከአንድ በሽተኛ የቆዳ እባጭ የወሰደውን ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በሕዋሶቹ ውስጥ ትንንሽ በትር የመሰሉ ነገሮች አየ። ያየው ነገር የአማቱን ትምህርት የሚያፈርስ ነበር፤ ይኸውም በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑን ያመለክታል። ነገር ግን ማየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ባክቴሪያውን ከሰው አካል አውጥቶ ማራባትና በሽታውን በሌላ ፍጡር ላይ ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ሐንሰን ይህን ደጋግሞ ሞከረ፤ አልሆነለትም። በስንፍና አይደለም፤ ባክቴሪያው አንድ ጊዜ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል የሚፈጅ፣ እስከ ዛሬም በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ያልተራባ ነው። በአይጥ መዳፍ ውስጥ ማራባት የተቻለው በ1960፣ አርማዲሎ በሚባለው ቅርፊታም እንስሳ ላይ ደግሞ በ1971 ነው።

በ1879 ናይሰር የተባለ የጀርመን ወጣት ሐኪም በርገን መጥቶ ከሐንሰን ናሙና ተቀበለ፤ አገሩ ተመልሶም ባክቴሪያውን በቀለም አጉልቶ አሳየና ግኝቱን የራሱ አደረገው። ሐንሰን ተጨነቀ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 3 ቀን በሆስፒታሉ የምትኖረውን የአንዲት በሽተኛ ዓይን፣ ከሌላ በሽተኛ እባጭ በተወሰደ ነገር በተነከረ ቢላዋ ወጋ። አላስፈቀዳትም፤ ያላስፈቀዳትም እንደማትፈቅድ ስላሰበ መሆኑን ኋላ በፍርድ ቤት አልሸሸገም። የፈለገው ውጤትም አልተገኘም። በሜይ 31 ቀን 1880 በርገን የተቀመጠው ፍርድ ቤት ከሆስፒታል ሥራው ሻረው፤ የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪም የሚለውን ሹመት ግን አልወሰደበትም።

እኛ በበኩላችን ይህን ነገር በታላቅነቱ ሸፍነን ልናልፈው አልወደድንም። በእርግጥ ኋላ ብዙ ሠርቷል፤ እሱ የታገለላቸው የ1877 እና የ1885 ሕጎች ወጥተው፣ በ1875 ወደ 1,750 ይደርሱ የነበሩት በሽተኞች በ1901 ከ600 በታች ሆኑ። ሕጎቹ ብዙ በሽተኞችን ከቤተ ሰባቸው መለየታቸውም አይዘነጋ። ሐንሰን በ1912 በፌብሩዋሪ 12 ቀን ለሥራ በወጣበት መንገድ ላይ ሳለ ሞተ።

በስሙ የተጠራው የአዲስ አበባው ተቋም በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ርዳታ ተቋቋመ። የቆዳ በሽታ ምርምር ዛሬ በጋሞ ዞንም አለ። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለችው በኦቾሎ፣ ሽኮኮ የሚያኖረውና የአሸዋ ዝንብ ወደ ሰው የምታስተላልፈው ቁንጭር የብዙ ልጆችን ፊት ይጎዳል። የቁንጭር ተሕዋስ እንደ ሐንሰኑ እንቢተኛ አይደለም፤ ከቁስሉ ጥቂት ተፍቆ ደም በተቀላቀለበት ምግብ ላይ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይራባል። ያችን ጥቂት ቆዳ ለምርምር ለመውሰድ ግን ተመራማሪው አስቀድሞ ለልጁ ወላጆች በጋሞኛ አስረድቶ ፈቃዳቸውን መጠየቅ አለበት፤ እንቢ ቢሉም ልጁ ሕክምናውን አያጣም።