ዕውቀት የማን አገልጋይ ናት?
የጎንደሩ ተወላጅ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወትና አገልግሎት

የምሁር ሚዛኑ የተማረበት አገር ርቀት ወይም የያዘው ማዕረግ ብዛት አይደለም። ሚዛኑ አንድ ጥያቄ ነው፤ በዕውቀቱ ማንን አገለገለበት? ይህ ጥያቄ በቀበሌ ውይይት፣ በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት በየጊዜው ይነሳል። መልሱን በባዶ ንድፈ ሐሳብ ከመፈለግ ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ብንመረምረው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል ብለን እናምናለን። ስለዚህም በጎንደር ተወልደው፣ በባዕድ እጅ አድገው፣ በሐኪምነት፣ በአስተዳዳሪነትና በዲፕሎማትነት አገራቸውን ያገለገሉትን የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ እናቀርባለን።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ከተማ ተወለደ። ዘመኑ ለከተማይቱና ለአካባቢው ደጋ ነዋሪ የመከራ ዘመን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመነ መሳፍንት የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ የጀመሩት ታላቅ ጥረት ከመሳፍንቱ፣ ከካህናቱና በመጨረሻም ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር አጋጭቷቸው ኃይላቸው ተመናምኖ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በራሳቸው በንጉሡ ጦር ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። የዚያ ሁሉ ውጣ ውረድ መጨረሻ መቅደላ ሆነ፤ ሕፃኑ ወርቅነህም በዚያች ክፉ ቀን መቅደላ ነበር።

በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ንጉሡ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። ድል አድራጊው ጦር ዘውዱን፣ ጽላቱንና የብራና መጻሕፍቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወጣ። ከወሰደው መካከል ግን ሰዎችም ነበሩ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በዚያው ሞተ። በጦርነቱ ትርምስ ከወላጆቹ ተለይቶ የተገኘውን፣ ዕድሜው ከሦስት ዓመት እምብዛም ያላለፈውን ወርቅነህን ደግሞ ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው። አንደኛው በዓለም የታወቀ የንጉሥ ልጅ፣ ሁለተኛው ማንም ስሙን የማያውቀው ሕፃን ነበር፤ የሁለቱም ፈቃድ ግን አልተጠየቀም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቻምበርሌን ሲሞት የትምህርቱን ወጪ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ቻለ። ልጁ ከአንደኛው ቻርልስ፣ ከሁለተኛው ማርቲን የሚለውን ስም ወርሶ በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት አደገ። የአፍ መፍቻ ቋንቋውም ጠፋው። በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ በኋላም በስኮትላንድ ትምህርቱን አሻሽሎ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በበርማ ሐኪም ሆኖ ሠራ። ቅኝ ገዥዎች ትምህርት ቤት የሚከፍቱበት ዓላማ የተሰወረ አይደለም፤ የተገዛውን ሕዝብ በአነስተኛ ወጪ የሚያስተዳድሩላቸው የተማሩ ሠራተኞች ለማፍራት ነበር። በዚህ ስሌት ከሄድን ዶክተር ማርቲን የተዋጣለት ውጤት ነበር። ደመወዙም ሆነ የጡረታ መብቱ የተጠበቀ ነበር፤ የትውልድ አገሩን እስከ ዕለተ ሞቱ ሳያስታውስ ቢኖር የሚወቅሰው አልነበረም።

ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ከፈተ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ገበሬና ወታደር ዓድዋ ላይ የኢጣሊያን ወራሪ ጦር ድል መታ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ በርማ በደረሰ ጊዜ፣ በቅኝ ገዥው ደመወዝ የሚኖረው ሐኪም ከየት እንደመጣ ማሰብ ጀመረ። በ1891 ዓ.ም. ፈቃድ ወስዶ አዲስ አበባ ገባ። ከዚህ በኋላ ስለ እሳቸው በአክብሮት መናገር ይገባናል፤ ታሪካቸው በራሳቸው ምርጫ መጻፍ የጀመረው ከዚህ ነውና።

የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም አዲስ አበባ እንደደረሱ ድንኳን ተክለው ሕመምተኛውን ያለ ክፍያ ማከም ያዙ። ከሕዝባቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። አያታቸው ወሬውን ሰምተው መጥተው በሰውነታቸው ላይ የቀረውን የልጅነት ጠባሳ አይተው ለዩአቸው። ሠላሳ ዓመት የቆየው የወርቅነህ ስም በዚህ ተመለሰ። ባዕዳን ስሙንና ቋንቋውን ሊወስዱ ችለዋል፤ ጠባሳውን ግን ሊወስዱ አልቻሉም።

በዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ሸፍነን ማለፍ አንፈልግም። ሐኪም ወርቅነህ ወዲያው ከእንግሊዝ አገልግሎት አልወጡም። ወደ በርማ ተመልሰዋል፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግመኛ የመጡትም በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ነበር። የታመሙትን ዐፄ ምኒልክን ሲያክሙም የደመወዛቸው ምንጭ ለንደን ነበር። በአገሪቱ ጉዳይ ላይ ዓይኑን የጣለ መንግሥት ቅጥረኛ ሆኖ የአገርን መሪ ማከም ቀላል ቅራኔ አይደለም። ይህን ቅራኔ የፈቱት በንግግር ሳይሆን በተግባር ነው። በ1911 ዓ.ም. ገደማ ከእንግሊዝ አገልግሎት በጡረታ ተሰናብተው የቀረውን ጉልበታቸውን ይዘው ለዘለቄታው ወደ አገራቸው ገቡ።

ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር፤ ዋናው ሥራቸው የተጀመረው ግን ከዚያ ወዲህ ነው። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ከባርነት ነፃ የወጡ ሕፃናት የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ደከሙ። በልጅነታቸው የተነጠቁትን አማርኛ ጠንክረው ተምረው የኢትዮጵያ ልጅ የዓለምን ገጽ በራሱ ቋንቋ እንዲያውቅ የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ። የውጭ ዜጎችና ኢትዮጵያውያን በሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤትም በዳኝነት አገለገሉ።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለጎንደር ሕዝብ እጅግ የሚቀርበው የጣና ጉዳይ ነው። በጎንደር ከተማ አጠገብ የሚወርደው መገጭ፣ ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ውኃቸውን ጣና ያስገባሉ፤ ከጣና ዓባይ ይወጣል። ውኃው ከደጋው ገበሬ ማሳ አፈሩን ጠርጎ ሲሄድ ጥቅሙን የሚያሰላው ግን ሌላ ነበር። በእንግሊዝ እጅ በነበረችው ሱዳን የተተከለው ሰፊ የጥጥ እርሻ ውኃ ይፈልግ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ዐፄ ምኒልክ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ቃል ገቡ። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ተስማሙ፤ አንዷ በጣና ላይ ግድብ፣ ሌላዋ ከኤርትራ እስከ ሶማሊያ የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ እንድታገኝ እርስ በርስ ሊደጋገፉ ተዋዋሉ። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ወደሆነችበት የመንግሥታት ማኅበር አቤት ብላ ውሉን አጋለጠች።

አቤቱታ ብቻውን ግን በቂ አልነበረም። ግድቡ የሚሠራ ከሆነ የሚያሠራው የውኃው ባለቤት መሆን አለበት የሚል አቋም ተያዘ። ይህን አቋም ይዘው በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የተላኩት ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ። በኒውዮርክ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተስማሙ። በዚያው ጉዞ በሐርለም ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው የእጅ ሙያና ዕውቀት ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ወሬው ለንደን ሲሰማ ቁጣ ሆነ። ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን፣ ያሳደጉት በሰጡት ቋንቋና ዕውቀት፣ የትውልድ ደጋውን ውኃ በተመለከተ ራሳቸውን ይሞግታቸው ነበር። የኩባንያው መሐንዲሶች በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁን አጠኑ፤ ድርድሩም ቀጠለ። ነገር ግን ሥራው ሳይጀመር የፋሺስት ወረራ ደረሰ። በጣና ውኃ የሚሠራው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም.፣ በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቁ፣ የጥያቄው ሥር የሐኪም ወርቅነህን ዘመን ያህል የቆየ መሆኑን ልናስታውስ ይገባናል።

ከአሜሪካ ከተመለሱ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ አዛዥ ተብለው መናገሻው አሰበ ተፈሪ የነበረውን የጨርጨርን አውራጃ እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን የታሰበ የአዲስ አስተዳደር መሞከሪያ ነበር። ሥራው በጎ ነበር፤ ወሰኑም ግልጽ ነው። ገባሩ በጉልተኛው ቀንበር ሥር በተያዘበት አገር የአንድ አውራጃ ማሻሻያ፣ የገዥው ቅንነት ምንም ያህል ቢሆን፣ ሥርዓቱን ከሥሩ ሊለውጠው አይችልም ነበር።

የኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ወረራው መቃረቡን ባረጋገጠበት ዘመን አዛዥ ወርቅነህ የኢትዮጵያ ባለሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ሆነው በለንደን ቆሙ። የተሰጣቸው ተልዕኮ የመረረ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ገለልተኛ ነኝ በሚል ሽፋን ለሁለቱም ወገኖች መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለ። ኢጣሊያ መድፉንም አውሮፕላኑንም በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር ክልከላው የነካው ኢትዮጵያን ብቻ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው ተጀመረ። የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ሳይጨምር ቀረ፤ የስዌዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ሆኖ ዋለ። ብሎም የእንግሊዝና የፈረንሣይ ሚኒስትሮች፣ ሆርና ላቫል፣ ሰፊውን የኢትዮጵያ መሬት ለወራሪው የሚያስረክብ ዕቅድ በምሥጢር አወጡ።

ወርቅነህ ግን የእንግሊዝን መንግሥትና የእንግሊዝን ሕዝብ ለይተው ያውቁ ነበር። በሚኒስቴሮቹ በር ሲከለከሉ ወደ ሕዝባዊ ስብሰባና ወደ ጋዜጣ ዞሩ። የሆርና የላቫል ዕቅድ በታወቀ ጊዜ ከእንግሊዝ ሕዝብ የተነሳው ቁጣ ሆርን ከሥልጣን አስለቅቋል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለኢትዮጵያ ነፃነት የሚከራከረውን ጋዜጣ ስትጀምርም ከረዳቶቿ አንዱ እሳቸው ነበሩ። ጦር ያልያዘ ዲፕሎማት በባዕድ አገር ያለው ኃይል እውነትና የሕዝብ ወዳጅነት ነው፤ ሁለቱንም ሳይታክቱ ተጠቀሙባቸው። ሆኖም ኅዳር 1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ለኢጣሊያ ወረራ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠ።

በዚያን ጊዜ አዛዥ ወርቅነህ ከዚህ የከበደ ዋጋ ከፍለው ነበር። በእንግሊዝ አገር የምሕንድስና ትምህርት ያገኙት ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ በለንደን በሰላም መኖር ሲችሉ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈዋል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ሲጨፈጭፉ ሁለቱም ተረሸኑ። አባት በለንደን ስለ አገሩ ሕልውና ሲከራከር ልጆቹ በአዲስ አበባ ወደቁ። የተማረ ሰው ለአገሩ ምን ዕዳ አለበት ለሚል ጠያቂ ከዚህ ቤተሰብ ምስክርነት የሚበልጥ መልስ አናውቅም።

ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የመጨረሻ ምሽግ በሆነችው በጎንደር እጁን ሰጠ። የወርቅነህ የትውልድ ከተማ የወረራው ዘመን መዝጊያ ሆነች። እሳቸውም ከስደት ተመልሰው በአገራቸው ኖረው በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ በዚያችው በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ለገጠሩ ሕዝብ የሚደርሱ የጤና መኮንኖች ማሠልጠን ጀመረ። አንድ የጎንደር ሕፃን ሕክምና ለመማር በጠላት ጦር ታፍሶ ወደ ሕንድ መሄድ ነበረበት፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድ በራሱ ከተማ፣ ከወላጆቹ ሳይለይ ተማረ።

ዕውቀት በራሷ ወገን የላትም፤ ወገን የሚሰጣት የያዛት ሰው ነው። ቅኝ ገዥው ያስተማረው ሐኪም ዕውቀቱን ለሕዝቡ ካዋለ፣ በአገሩ ወጪና በሠራተኛው ላብ የተማረ ሰው ሕዝቡን ለመርሳት ምን ምክንያት ሊያቀርብ ይችላል? በየቀበሌያችንና በየሥራ ቦታችን የምናስተምራቸው ልጆች ሲመረቁ የምንጠይቃቸው ጥያቄ ይህ ሊሆን ይገባል። እኛም ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውንና ቤተ መጻሕፍቱን ስንጠብቅ፣ ማንም ልጅ ለዕውቀት ሲል ስሙን የማያጣባት አገር እየሠራን መሆናችንን አንዘንጋ።