የአንበጣን ምሥጢር የመረመሩት ሊቅ፤ ፕሮፌሰር ቶማስ ኦዲያምቦ

ካሳራኒ የተባለው የናይሮቢ ክፍል በእኛ ዘንድ ስሙ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በስፖርት ምክንያት ነው። በ1987 ለመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የተከፈተው ታላቁ ስታዲዮም የሚገኘው በዚያው በመሆኑ፣ የሩጫን ወሬ የሚከታተል ሁሉ ቦታውን ባያየው እንኳ በስም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ በዚሁ በካሳራኒ ጭብጨባ የማይሰማበት፣ ነገር ግን ለአፍሪካ ገበሬና ለከብት አርቢው የሚበጅ ሥራ የሚሠራበት ሌላ ግቢ አለ። ዱዱቪል ይባላል። ዱዱ በስዋሂሊ ቋንቋ ነፍሳት ማለት ስለሆነ፣ ስሙ የነፍሳት ከተማ እንደ ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ኤኮሎጂ ማዕከል፣ በአጭር አጠራሩ የኢሲፔ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ይኸው ነው። ማዕከሉን ያቋቋሙትና ሃያ አራት ዓመት የመሩት ኬንያዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ቶማስ ሪዝሊ ኦዲያምቦ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦዲያምቦ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1931 በሞምባሳ ከተማ ተወለዱ። ኬንያ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ትምህርታቸውን በምዕራብ ኬንያ በሚገኘው በማሴኖ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በኡጋንዳ በማኬሬሬ ተከታተሉ። ከዚያም በኡጋንዳ የእርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ሰብል የሚያጠፉ ነፍሳትን ሲመረምሩ ቆዩ። ለአንድ አፍሪካዊ ወጣት ይህ ቀላል ደረጃ አልነበረም። በቅኝ ግዛቱ ዘመን የምርምር ጣቢያ ሹመት የነጩ ነበር፤ አፍሪካዊው የሚፈለገው ዕቃ ለማጠብ፣ መረብ ለመያዝና ናሙና ለመልቀም ነበር። ኦዲያምቦ ግን መረቡን ይዞ ከመቆም አልፈው የተያዘችው ፍጥረት በውስጧ እንዴት እንደምትሠራ ለማወቅ ቆርጠው ተነሡ።

በ1959 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በዚያ ያገኟቸው መምህር ሰር ቪንሰንት ዊግልስዎርዝ ነበሩ። እኚህ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1930ዎቹ ዓመታት ደም በሚመጥ አንድ ትኋን መሰል ነፍሳ ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ከነፍሳት አንጎል ጀርባ ያሉት ሁለት እጅግ ጥቃቅን ዕጢዎች እድገትን የሚቆጣጠር ሆርሞን እንደሚያመነጩ ያረጋገጡ ናቸው። ይህ ሆርሞን በደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ሕፃኑ ነፍሳ ሕፃን ሆኖ ይቆያል፤ ሲጠፋ ክንፍ አውጥቶ ይጎለምሳል። የሚያስገርመው ከጎለመሰ በኋላ ያው ሆርሞን ተመልሶ መምጣቱና አሁን ደግሞ የመራባትን ሥራ መምራቱ ነው።

ኦዲያምቦ ለምርመራቸው የመረጡት የበረሃ አንበጣን፣ ያውም ወንዱን ነው። ምርጫቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሴቷ እንቁላል ስለምትጥል የብዙ ሊቃውንት ዓይን በእርሷ ላይ ነበር፤ ወንዱን ግን የተመለከተው ጥቂት ነው። እርሳቸው በአጉሊ መነጽር እየታገዙ ከወንዱ አንበጣ እነዚያን ሁለት ዕጢዎች ቆርጠው እያወጡ የሚሆነውን ተከታተሉ። የጎለመሰ ወንድ አንበጣ ገላው ቢጫ ይሆናል፤ ዕጢው የወጣለት ግን ለመራባት የሚያበቃውን ጉልምስና አያገኝም። ምግቡን ይበላል፣ የሚበላው ግን ወደ ጉልበት ሳይለወጥ በሆዱ ውስጥ ስብ ሆኖ ይከማቻል። እንቅስቃሴውም እጅግ ይቀንሳል። በአጭሩ፣ ያ ሰማይ አጥቁሮ የሚበረው አጥፊ ሠራዊት የሚንቀሳቀሰው ዓይን በማያየው ኬሚካል ትእዛዝ መሆኑ ታየ። የጥናቱ ውጤት በ1966 በእንግሊዝ አገር በሚታተም የሙከራ ሥነ ሕይወት መጽሔት ታትሞ ወጣ።

ይህን ያህል ስለ አንድ አንበጣ ሆድ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የአገራችንን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ይበቃዋል። በ1958 በኢትዮጵያ የወረደው አንበጣ 167 ሺህ ቶን ያህል እህል እንዳጠፋ ተገምቷል፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት የሚመግብ ነበር። አንድ አንበጣ ክብደቱ ሁለት ግራም ገደማ ቢሆንም በየቀኑ የክብደቱን ያህል ይበላል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ በአንድ ቀን 35 ሺህ ሰው የሚበላውን ያህል ያወድማል። ድንበር አያውቅም፤ ስለዚህም ነው የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች አንበጣን በጋራ ለመከላከል በ1962 በአዲስ አበባ ስምምነት የተፈራረሙት። በ2019 እና በ2020 ያው ጠላት ተመልሶ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ኬንያን ሲወር የዚህ ትውልድ ሰው በዓይኑ አይቶታል። ጠላት በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚበላና በምን እንደሚታዘዝ ሳይታወቅ የሚተኮስ ጥይት ከንቱ መሆኑን ለወታደር ማስረዳት አያስፈልግም።

ኦዲያምቦ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ናይሮቢ ሲመለሱ ኬንያ ነፃነቷን ከተቀዳጀች ገና ጥቂት ዓመት ነበር። በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ፤ ከጊዜ በኋላም የነፍሳት ሳይንስ ፕሮፌሰርና የእርሻ ፋኩልቲ ዲን ሆኑ። በ1967 በአሜሪካ ታዋቂ በሆነው የሳይንስ መጽሔት ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሳይንስና ልማት አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ የአፍሪካ አገሮች የተማረ ሰው ጥቂት ነው፣ ገንዘባቸውም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ያንን ጥቂት ኃይል በየቦታው ከመበተን ይልቅ በጥቂት የላቁ ማዕከሎች ማሰባሰብ ይገባል። የሚመረጠውም የምርምር መስክ አህጉሪቱ ራሷ የሠራተኛውንና የችግሩን መገኛ ያጣመረችበት መሆን አለበት። ነፍሳት ደግሞ ከሐሩር አገር የበለጠ የሚበዙበት ስፍራ የለም።

ነገሩ በወረቀት አልቀረም። በዚያው ጊዜ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ከሠሩት ኬሚስቶች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ካርል ጄራሲ ተመሳሳይ ሐሳብ በአሜሪካ ያራምዱ ነበር። ሁለቱ ተገናኙ፤ በ1969 በናይሮቢ የተደረገውን የሊቃውንት ስብሰባ ተከትሎም ኢሲፔ በ1970 ተቋቋመ። ሥራው የተጀመረው በዩኒቨርሲቲው የቺሮሞ ግቢ በጠባብ ቦታ ነበር። ኦዲያምቦ የውጭ ሊቃውንትን የጋበዙት ግን አለቃ እንዲሆኑ አልነበረም፤ እየተመላለሱ ወጣት ተመራማሪዎችን እንዲያሠለጥኑ እንጂ። በእኔ አስተያየት የኦዲያምቦ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው። አገር ለቆ የሚሄደውን አፍሪካዊ ምሁር ከመለመን ይልቅ፣ የሚሄድበትን ምክንያት አስቀሩ።

ከእነዚህ እንግዶች መካከል ጃፓናዊው ኬሚስት ኮጂ ናካኒሺ ይገኙበታል። የእርሳቸው ቡድን የምሥራቅ አፍሪካን ዕፀዋት ሲመረምር፣ ነፍሳት የማይነኩት ቅጠል ለምን እንደማይነካ ጠየቀ። በ1976 ዋርበርጊያ ከተባለው ዛፍ ተምች እንዳይበላ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። እንዲሁም በአገራችን የባህል መድኃኒት ዐዋቂዎች አርማጉሳ ከሚሏት ተክል ወገን ከሆነች ቅጠል አጁጋሪን የተባሉትን መራራ ቅመሞች አገኙ። እናቶቻችን ለሕመም ጨምቀው የሚያጠጧት ቅጠል ወገን በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ገብታ የሞለኪውል ቅርጿ ተነደፈ ማለት ነው።

የገንዲን በሽታ የምታስተላልፈዋ የጼጼ ዝንብም የማዕከሉ ዋና ዒላማ ነበረች። ይህች ዝንብ እንደ ሌሎቹ እንቁላል አትጥልም፤ አንድ እጭ ብቻ በማሕፀኗ ይዛ፣ ከራሷ ዕጢ በሚመነጭ ወተት ታሳድጋለች፤ በዘጠኝና በዐሥር ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ትወልዳለች። ስለዚህ ዘሯን ማመናመን ይቻላል። በ1986 ኬሚስቱ አሕመድ ሐሰናሊና ጓደኞቻቸው በጎሽ ሽንት ውስጥ ዝንቧን የሚስቡትን ንጥረ ነገሮች ለይተው አሳወቁ። በማሳይ ምድር በንጉሩማን፣ ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ የተሰፋ፣ የላም ሽንትና አሴቶን የተቀመጠበት ወጥመድ ተሠርቶ ዝንቧን ከመቶ ከዘጠና በላይ ቀነሰ። አውሮፕላንም መርዝም አላስፈለገም፤ አርብቶ አደሩ ራሱ ሰፍቶ ራሱ ይሰቅለዋል። በቆላ ዘመቻ ስንቅ የጫነች በቅሎ በገንዲ ስትከሳና ስትወድቅ ያየ ሰው የዚህን ጨርቅ ዋጋ ይገምታል።

በበቆሎና በማሽላ ላይ የሚወርደው አገዳ ቆርቁርም አልተዘነጋም። ከእስያ የመጣውን አንደኛውን ዝርያ ለመቋቋም በ1993 ከፓኪስታን የመጣች ጥቃቅን ተርብ በኬንያ ጠረፍ ተለቀቀች። ተርቧ እንቁላሏን በትሉ ገላ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጆቿም ትሉን ከውስጥ ይጨርሱታል። ይህች ተርብ ማንም ሳይለቃት በኢትዮጵያ ማሳዎችም ተገኝታለች።

ኦዲያምቦ በላቦራቶሪ ብቻ ተወስነው አልቀሩም። በ1983 የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የነፍሳት ሳይንስ ዶክተሮችን የሚያሠለጥኑበት ፕሮግራም እንዲጀመር አደረጉ። በ1985 የአፍሪካ የሳይንስ አካዳሚ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1987 ረኃብን ለማስወገድ ላደረጉት ጥረት የአፍሪካን የአመራር ሽልማት ከሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት ከአብዱ ዲዩፍ ጋር ተቀበሉ። የዘመናቸው ሰው የነበሩት የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ በ1964 በዓድዋ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ባወቁ ጊዜ ግኝታቸውን ዓለም እንዲቀበለው ብዙ ዓመት መሟገት ነበረባቸው። ኦዲያምቦም ያንኑ ክርክር በሌላ ግንባር የተከራከሩ ናቸው።

የሕይወት ታሪካቸው ግን ድል ብቻ አይደለም። ማዕከሉ የሚኖረው በውጭ አገር ለጋሾች ገንዘብ ነበር፤ የአፍሪካ መንግሥታት መዋጮ ከምስጋና ያለፈ አልሆነም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢሲፔ በብርቱ የገንዘብ ችግር ውስጥ ወደቀ፤ ኦዲያምቦም በ1994 ሥልጣናቸውን ለስዊዘርላንዳዊው ለዶክተር ሃንስ ሄረን አስረክበው ወጡ። ማዕከሉ ግን አልተዘጋም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በምቢታ በሚገኘው ጣቢያው፣ በበቆሎ መካከል ዴስሞዲየም፣ በማሳው ዳር ደግሞ የዝሆን ሣር በመትከል አገዳ ቆርቁርን የሚያባርር፣ አቀንጭራንም የሚያጠፋ ዘዴ ተስፋፋ። ዘዴው ወደ ኢትዮጵያ ገበሬዎችም ደርሷል። በአንበጣም ረገድ እነዶክተር ሐሰናሊ፣ የጎለመሰው ወንድ አንበጣ የሚያመነጨው ሽታ በጥቂቱ ለኩብኩባው ሲሰጠው መንጋው እንደሚበታተን አረጋገጡ። ኦዲያምቦ በ1960ዎቹ የጀመሩት የወንዱ አንበጣ ጥናት ከአርባ ዓመት በኋላ እዚህ ደረሰ።

ፕሮፌሰር ቶማስ ኦዲያምቦ ሜይ 26 ቀን 2003 በናይሮቢ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። የምቢታው ጣቢያ በስማቸው ተሰይሟል። እርሳቸው ያቋቋሙትን ማዕከል ከ2013 እስከ 2023 በዋና ዳይሬክተርነት የመሩት ደግሞ በጎጃም በፍኖተ ሰላም የተወለዱት ኢትዮጵያዊቷ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው።