የኢንካው ንጉሥ ማንኮ

ማንኮ ኢንካ በደቡብ አሜሪካ፥ በአንዴስ ተራሮች ላይ ሰፊውን መንግሥት ይገዛ የነበረው የዋይና ካፓክ ልጅ ነው። ወንድሙን አታዋልፓን እስፓኞላዊው ፍራንሲስኮ ፒሳሮ በ1532 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ማረከው፤ አንድ ክፍል የሚሞላ የወርቅ ቤዛ ከተቀበለ በኋላም በ1533 ዓ.ም. አስገደለው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወጣቱ ማንኮ በኩስኮ ከተማ ነገሠ። ዘውዱ የርሱ ሲሆን ሥልጣኑ ግን የፒሳሮ ወንድሞች ነበር፤ እነርሱም ወርቅ ፍለጋ ንጉሡን በሰንሰለት እስከ ማሰር ደረሱ።

በ1536 ዓ.ም. ማንኮ የአባቱን የወርቅ ምስል ሊያመጣለት ለኤርናንዶ ፒሳሮ ቃል ገባ። ወርቅ ያስጐመጀው ኤርናንዶም አሰናበተው። ማንኮ የተመለሰው ግን በብዙ አሥር ሺሕ ከሚቈጠር ጦር ጋራ ነው። በኩስኮ የነበሩት እስፓኞሎች ሁለት መቶ አይሞሉም ነበር። የማንኮ ሰዎች ድንጋዩን በእሳት አግለው፥ በጥጥ ጠቅልለው በወንጭፍ ሲወረውሩት የከተማው የሣር ክዳን ሁሉ ነደደ።

ከሁሉ የከፋባቸው ፈረስ ነበር። ስለዚህ ሜዳውን በጉድጓድ ሞሉት፤ በገመድ የታሰሩ ድንጋዮችም እየወረወሩ የፈረሶቹን እግር ይተበትቡ ጀመር። ከሊማ የተላከውን ረዳት ጦር የማንኮ አዝማች ኪሶ ዩፓንኪ በጠባብ ሸለቆ ጠብቆ ናዳ እየለቀቀ ፈጀው። ኤርናንዶ በኦያንታይታምቦ ምሽግ ላይ በዘመተ ጊዜ ደግሞ ማንኮ ወንዙን መልሶ ሜዳውን አጥለቀለቀበት። ንጉሡ ራሱ በተማረከ ፈረስ ተቀምጦ፥ የእስፓኝ ጦር ጨብጦ ያዋጋ ነበር።

ታዲያ ኩስኮ ለምን አልተያዘችም? ብዙ ሰው ፈረስንና ሰይፍን ብቻ ያነሣል። እኔ ግን የኢንካዎች አገዛዝ ያስመረራቸው፥ እንደ ካኛሪ ያሉ ሕዝቦች ለእስፓኞሎች መዋጋታቸው የባሰ ይመስለኛል። ደግሞም የማንኮ ወታደር ገበሬ ነበረና እርሻው ይጠራው ነበር።

ማንኮ ወደ ቢልካባምባ ደን ገብቶ መንግሥቱን እንደ ገና አቆመ። እዚያም ከፒሳሮ ወገን ሸሽተው የመጡ ጥቂት እስፓኞሎችን ተቀብሎ እንደ እንግዳ አኖራቸው። እነርሱ ግን በ1544 ዓ.ም. ገደማ አብሯቸው ሲጫወት ሳለ ወግተው ገደሉት፤ ሰዎቹም ገዳዮቹን ተከታትለው ፈጇቸው። ገና ልጅ የነበረው ቲቱ ኩሲ ያን ጊዜ ቈስሎ ወደ ጫካ አመለጠ፤ ኋላም በቢልካባምባ ነግሦ የአባቱን ታሪክ በ1570 ዓ.ም. አስጻፈ።