ጀኔራል ግራንት በጦር ሜዳና በመንግሥት ወንበር

አንባቢ ሆይ፥ ሰው በጦር ሜዳ ጀግና ሆኖ ቢገኝ፥ በግል ኑሮውም ልበ ቅን ቢሆን፥ ሕዝብን ለማስተዳደር ይበቃልን? በአሜሪካ አገር ፕሬዚዳንት ለመሆን የሚሹ ሰዎች የውትድርና ሥራቸውን እንደ ምስክር ወረቀት አድርገው ለሕዝብ ሲያቀርቡ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ይህን ነገር ለመመርመር የዩሊሲዝ ግራንት ሕይወት መልካም ምሳሌ ነው፤ ጀግንነቱም ቅንነቱም ነበሩትና። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግራንት በ1822 ዓመት በኦሃዮ ግዛት ተወለደ። አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበረ፤ ልጁ ግን ያን ሥራ እጅግ ስለ ጠላ ዘወትር ከፈረሶች ጋር ይውል ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሃይራም ዩሊሲዝ ነበረ። ነገር ግን በ1839 ወደ ዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ሲገባ፥ የላከው እንደራሴ ስሙን ዩሊሲዝ ኤስ ብሎ በስሕተት ስለ ጻፈው፥ በዚያው ስም ኖሮ በዚያው ስም ሞተ። በትምህርቱ መካከለኛ ነበረ፤ ከ39 ተማሪዎች 21ኛ ሆኖ ወጣ። በፈረስ ግልቢያ ግን የሚተካከለው አልነበረም።

ከ1846 እስከ 1848 በሜክሲኮ ጦርነት በጀግንነት ተዋጋ፤ ይሁን እንጂ ያ ጦርነት ኀያሉ ሕዝብ በደካማው ላይ ያደረገው ግፍ መሆኑን በኋላ ዘመን ሳይሸሽግ ጻፈ። ከዚህ በኋላ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ወደ ሩቁ የካሊፎርንያ ጠረፍ ተላከ። በዚያ ብቸኝነት አስጨነቀው፤ መጠጥ ማብዛቱም ተወራበት፤ በ1854 ሹመቱን ለቀቀ። ወደ ቤቱ ሲመለስ በኒውዮርክ ከተማ ገንዘብ አልቆበት ሳለ፥ ሳይመን በክነር የሚባል የትምህርት ቤት ባልንጀራው ለማደሪያው የሚከፍለውን ረድቶ ከኀፍረት አዳነው። ይህን ስም አንባቢ እንዳይረሳው እለምናለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰባት የድኽነት ዓመታት መጡ። በሴንት ሉዊስ አጠገብ እርሻ ጀመረ፥ አልሆነለትም፤ በከተማው መንገድ ላይ ማገዶ እየሸጠ ቤተ ሰቡን መገበ። በዚህ ጭንቅ ጊዜ፥ በ1859፥ ዊልያም ጆንስ የሚባል አንድ ባሪያ በእጁ ነበረ። ቢሸጠው ኖሮ ብዙ ገንዘብ ባገኘ ነበር፤ እርሱ ግን ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ የአርነት ወረቀት ጽፎ ለቀቀው። ስለ ሰው ጠባይ መናገር ካስፈለገ፥ ይህ ሥራ ከብዙ ድል ይበልጣል።

በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግራንት በአባቱ የቆዳ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የዶኔልሰንን ምሽግ ከቦ ያለ አንዳች ውል እጅ እንዲሰጡ አስገደደ፤ በምሽጉ ውስጥ አዛዥ ሆኖ እጁን የሰጠውም ያ ባለ ውለታው በክነር ነበረ። በ1863 ጁላይ 4 ቀን ቪክስበርግ ከተማ እጅዋን ሰጠች፤ ወደ 30 ሺህ የሚሆን ሠራዊትም ተማረከ። በነገራችን ላይ፥ በዚያ ዘመቻ በሻምፒዮን ሂል ከተዋጉት ከደቡብ ጀኔራሎች አንዱ ዊልያም ሎሪንግ ይባላል፤ ይህ ሰው በኋላ ለግብጹ ከዲቭ አድሮ በ1876 እስከ ጉራ ድረስ ዘምቶ፥ የዐፄ ዮሐንስ ጦር የግብጽን ሠራዊት ድል ሲነሣ በዓይኑ አየ።

የጦር ሰውም በሥልጣኑ እንደሚበድል እንዳንዘነጋ ሌላም ነገር እንጽፋለን። በ1862 ዲሴምበር ላይ ግራንት ስለ ጥጥ ንግድ ተቈጥቶ፥ አይሁድ ሁሉ ከሚያዝበት አውራጃ እንዲወጡ አዘዘ። ጥቂቶች ነጋዴዎች ላጠፉት አንድ ሕዝብ በጠቅላላው መቀጣቱ ግፍ ነበረ። ሊንከን ትእዛዙን ወዲያው ሻረው። ሊንከን ራሱ በውትድርና የቆየው በ1832 ጥቂት ወራት ብቻ ነበር፥ ውጊያም አላየም፤ ነገር ግን ፍርዱ ከጀኔራሉ ፍርድ የቀና ሆነ። ግራንትም በኋላ በዚህ ሥራው ተጸጸተ።

በ1864 የሠራዊቱ ሁሉ አለቃ ሆነ፤ በ1865 ኤፕሪል 9 ቀንም ጀኔራል ሊ በአፖማቶክስ እጁን ሰጠው። ግራንት ጭቃ በነካው የተራ ወታደር ልብስ መጣ። የተሸነፉትን ወደ ወህኒ አልሰደዳቸውም፤ የማሉበትን እስከ ጠበቁ ድረስ ማንም ሳይነካቸው ወደ ቤታቸው እንዲገቡ ፈቀደ፤ ፈረስና በቅሎ ያላቸውም ለበልግ እርሻ ይዘው እንዲሄዱ ተወላቸው። ለተራቡትም 25 ሺህ ስንቅ አዘዘላቸው። የራሱ ሠራዊት ስለ ደስታ መድፍ መተኰስ ሲጀምር ከለከለ። ይህን የመሰለ አሸናፊ በታሪክ ብዙ አይገኝም፤ ስለዚህ ሕዝቡ በ1868 ፕሬዚዳንት አድርጎ ቢመርጠው አያስደንቅም። በምርጫ የሚገኝ ሹመት ከዚያ በፊት ይዞ አያውቅም ነበር፤ ዕድሜውም 46 ዓመት ነበረ።

በወንበሩ ላይ የሠራው መልካም ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በ1870 ሰው ስለ ቀለሙ ወይም ባሪያ ስለ ነበረ ድምፅ ከመስጠት እንዳይከለከል የሚያዝዘው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸና። ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው የሌሊት ማኅበር ጥቁሮቹን እየገረፈና እየገደለ ሲያስፈራራቸው፥ ግራንት በ1871 ወታደር ልኮ በደቡብ ካሮላይና በዘጠኝ ወረዳዎች ወንጀለኞቹን አስያዘ። ጠላቱ ፊት ለፊት በቆመበት ነገር ሁሉ የጦር ሰውነቱ ጠቀመው።

ነገር ግን የቤተ መንግሥት ጠላት ሌላ ዓይነት ልብስ ለብሶ አይመጣም፤ ከጌታው ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣል። በ1869 ጄይ ጉልድና ጄምስ ፊስክ የሚባሉ ነጋዴዎች የግራንትን የእኅት ባል በጥቅም ይዘው፥ በእርሱ በኩል ፕሬዚዳንቱን ቀርበው፥ የአገሩን ወርቅ በእጃቸው ለማግባት ሞከሩ። ግራንት ሲነቃ ከግምጃ ቤት 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ወርቅ እንዲሸጥ አዝዞ ተንኰላቸውን አፈረሰ፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ከስሮ ነበር። በ1875 ደግሞ የውስኪ ጠማቂዎችና የቀረጥ ሹማምንት ተማክረው የመንግሥትን ቀረጥ ሲሰርቁ ተገኙ። ግራንት በደለኛ የሆነ ሁሉ እንዳያመልጥ አዘዘ፤ ክሱ ግን በጦርነቱ ጊዜ አብሮት ወደ ነበረው ወደ ገዛ ጸሐፊው ወደ ኦርቪል ባብኮክ ሲደርስ፥ ፕሬዚዳንቱ በመሐላ ስለ እርሱ መሰከረለት፤ ባብኮክም ነጻ ወጣ። በ1876 የጦር ሚኒስትሩ ዊልያም ቤልክናፕ ከንግድ ፈቃድ ጉቦ መቀበሉ ሲታወቅ፥ ምክር ቤቱ ሳይከሰው ቀድሞ ስንብት ጠየቀ፤ ግራንትም በዚያው ማለዳ ተቀበለው።

ራሱ ግራንት አንዲት ዶላር አልሰረቀም። እንግዲህ ጥፋቱ ከየት መጣ? በእኔ አሳብ ጥፋቱ የመጣው ከመልካም ጠባዩ ነው። በጦር ሜዳ ከጓደኛው ጎን የማይለይ ሰው ይመሰገናል፤ ባልንጀራውን የሚጠራጠር አለቃ ሠራዊቱን ይበትናል። በመንግሥት ሥራ ግን የሹም ወዳጅ ሕዝቡ ነው፤ ለጓደኛ የሚደረገው ታማኝነትም ከሕዝብ ኪስ ይከፈላል። ግራንት ይህን ለመለየት አልቻለም። በመጨረሻው ዓመት ለምክር ቤቱ በላከው ጽሑፍ ስሕተት መሥራቱን አልካደም፤ ስሕተቱም የማስተዋል እንጂ የክፉ አሳብ እንዳልነበረ ገለጠ።

በ1877 ከሹመቱ ወረደ፤ ሆኖም ያ ጠባይ አልተለወጠም። ልጁ ፈርዲናንድ ዋርድ ከሚባል ሰው ጋር የገንዘብ ንግድ ማኅበር ሲያቆም፥ ግራንት መዝገቡን ሳይመረምር ያለውን ሁሉ አገባ። በ1884 ማኅበሩ ወደቀ፤ ዋርድ አታላይ ነበረ። ግራንት ማኅበሩን ለማዳን ሲል ከባለጠጋው ከቫንደርቢልት 150 ሺህ ዶላር ተበድሮ ነበርና፥ ዕዳውን ለመክፈል ቤቱን፥ መሬቱን፥ ስለ ድሉ የተሰጡትን ሰይፎች እንኳ አስረከበ።

በዚያው ዓመት የጉሮሮ ነቀርሳ ያዘው። ሚስቱን በድኽነት ላለመተው ብሎ የሕይወቱን ታሪክ መጻፍ ጀመረ። መዋጥ ሲሣቀቅበት፥ ድምፁም ሲጠፋ፥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር፤ ሥራውን በፈጸመ በጥቂት ቀን ውስጥ በ1885 ጁላይ 23 ቀን ሞተ። መጽሐፉን ያሳተመው ደራሲው ማርክ ትዌይን ነው፤ ሚስቱም ከዚያ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ተቀበለች።

ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው በክነር ሊጠይቀው መጣ፤ ግራንት መናገር ስለ ተሳነው በወረቀት እየጻፈ አጫወተው። በኒውዮርክ ሬሳው ሲወጣ ከሰሜን ሸርማንና ሸሪዳን፥ ከደቡብም ጆሴፍ ጆንስተንና በክነር በአንድነት አስከሬኑን አጀቡ።