ሻለቃ ጆን ዌስሊ ፓውልና የኮሎራዶ ወንዝ

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የአንድ ዝነኛ ሰው ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ብዙዎቹ ጓደኞቻችን ነገሥታትንና የጦር አለቆችን መረጡ። እኛ ግን አንድ እጅ ብቻ የነበረውን፣ በዚያችው በአንድ እጁ ማንም ያልለካውን ወንዝ የለካውን አስተማሪ መረጥን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ዌስሊ ፓውል በማርች 24 ቀን 1834 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በኒውዮርክ ግዛት ተወለደ። አባቱ የሜቶዲስት ሰባኪ ሲሆን ባርነትን በግልጥ ይቃወም ነበር። ስለዚህም ቤተ ሰቡ በኦሃዮ ሲኖር፣ የትምህርት ቤት ልጆች ፓውልን በድንጋይ እየደበደቡ ከትምህርት አስቀሩት። ያን ጊዜ ክሩክም የተባለ አንድ ጎረቤት ገበሬ ልጁን ተቀብሎ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ዕፀዋቱና ስለ አራዊቱ በዱር እያዞረ ያስተምረው ጀመር። ፓውል ምድርን እንደ መጽሐፍ ማንበብ የለመደው ከዚህ ሰው ነው። በ1856 ዓ.ም. ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ የሚሲሲፒን ወንዝ እስከ ባሕር ወረደ።

በ1861 ዓ.ም. የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ባርነትን ለማጥፋት ሲል ወደ ጦር ሠራዊት ገባ። በኤፕሪል 6 ቀን 1862 ዓ.ም. በሻይሎ ጦርነት ላይ መድፈኞቹ እንዲተኩሱ ምልክት ለመስጠት ቀኝ እጁን ቢያነሣ ጥይት መታው፤ እጁም ከክርኑ በታች ተቈረጠ። ሕመሙ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም። ነገር ግን ቁስሉ ሲጠግግ ወደ ጦር ሜዳ ተመልሶ እስከ ሻለቃነት ደረሰ። ጦርነቱም ካበቃ በኋላ በኢሊኖይ የሥነ ምድር መምህር ሆነ።

በዚያ ዘመን የኮሎራዶ ወንዝ የሚያልፍበት የበረሃ ሸለቆ በካርታ ላይ ባዶ ቦታ ነበር። ግራንድ ካንየን የሚባለው ክፍል ብቻ 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱም በአንዳንድ ቦታ ከ1,800 ሜትር ይበልጣል። የዓባይን ሸለቆ በደጀን በኩል ቁልቁል ያየ ሰው ነገሩን በመጠኑ ሊገምተው ይችላል። በሜይ 24 ቀን 1869 ዓ.ም. ፓውልና ዘጠኝ ጓደኞቹ የ10 ወር ስንቅ በአራት ጀልባዎች ጭነው፣ በዋዮሚንግ ከግሪን ወንዝ ተነሡ። አንዲቱን ጀልባ በሚስቱ ስም ኤማ ዲን ብሎ ሰየማት።

ቀን ቀን ይቀዝፋሉ፤ ሲመሽም በወንዙ ዳር አሸዋ ላይ እሳት አንድደው ያድራሉ። ውሃው ከቋጥኝ ጋር እየተላተመ አረፋ በሚደፍቅበት ስፍራ፣ ጀልባዎቹን ከዳር ሆነው በገመድ እየያዙ ያወርዷቸዋል፤ ይህም ካልሆነ ስንቁን በጫንቃቸው ተሸክመው በድንጋይ ላይ ያልፋሉ። በጁን ወር አንዲቱ ጀልባ ከቋጥኝ ተላትማ ተሰባበረች። የተሳፈሩባት ሦስቱ ሰዎች ቢድኑም ብዙ ስንቅ ጠፋ። ፓውልን እጅግ ያሳዘነው የከፍታ መለኪያዎቹ የሆኑት ባሮሜትሮች አብረው መስጠማቸው ነበር። በማግሥቱ ሁለት ሰዎች በሕይወታቸው ቈርጠው እስከ ስባሪው ደርሰው አወጧቸው፤ እግረ መንገዳቸውንም አለቃቸው ሳያውቅ የተጫነች አንዲት የውስኪ በርሜል አገኙና የደስታ ጩኸት አሰሙ!

አንድ ቀን ደግሞ ፓውል ገደሉን ለመለካት ሲወጣ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም የማይልበት ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ገመድ ስላልነበረ ብራድሌ የተባለው ጓደኛው የለበሰውን ረጅም የውስጥ ሱሪ አውልቆ ከላይ ሰደደለት። ፓውልም ዓለቱን የያዘባትን ያችኑ አንድ እጁን ለቅቆ ሱሪውን በመጨበጥ ዳነ።

በኦገስት ወር መጨረሻ ግን የቀረው ስንቅ የጥቂት ቀን ዱቄት፣ ጥቂት የደረቀ ፖምና ቡና ብቻ ሆነ። ከፊታቸውም ካለፉት ሁሉ የሚያስፈራ ፏፏቴ ተደቀነ። በ27ኛው ቀን ማታ ከጓደኞቹ አንዱ ሀውላንድ መጥቶ፣ እሱና ወንድሙ እንዲሁም ደን የተባለው ባልንጀራቸው በእግር ሊሄዱ መወሰናቸውን ነገረው። ፓውል የከዋክብትን ከፍታ ለክቶ ያሉበትን ስፍራ አሰላና የወንዙን አካሄድ በአሸዋው ላይ ሥሎ፣ መውጫው ሩቅ አለመሆኑን አስረዳው። ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ በወንዙ ዳር ሲመላለስ አደረ። እሱ ራሱ ጉዞውን ሊተወው ተቃርቦ ነበር።

በነጋው ያለ ጠብ ተለያዩ። ፓውል ለሦስቱ ጠመንጃ ሰጣቸው፤ ለሚስቱም ደብዳቤ አደራ አላቸው። ስድስቱ በሁለት ጀልባ ፏፏቴውን ሰንጥቀው በደኅና ወረዱ፤ የሄዱትም ሐሳባቸውን ለውጠው እንደሆነ ብለው ጠመንጃ እየተኮሱ ጠበቋቸው፤ ግን አልመጡም። በኦገስት 30 ቀን፣ በተነሡ በ99ኛው ቀን፣ ከቨርጂን ወንዝ መገናኛ ደርሰው ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አገኙ። ሦስቱ ግን በመንገድ ተገደሉ፤ ገዳዮቻቸው እነማን እንደ ሆኑ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

እኛ እነዚህን ሦስት ሰዎች ፈሪዎች ለማለት አንደፍርም። የሦስት ወር ረኃብና ሞት ከጓደኞቻቸው ጋር ተካፍለዋልና። ፓውልን ያቆየውም ድፍረት ብቻ አልነበረም፤ በአሸዋው ላይ የጻፈው ስሌት ነው እንጂ።

ፓውል በ1871 ዓ.ም. ወንዙን ዳግመኛ ወረደ፤ ከ1881 እስከ 1894 ዓ.ም. የአገሩን የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት መራ። በ1893 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ በተደረገ የመስኖ ጉባኤ ላይ፣ የምዕራቡ ውሃ ለምዕራቡ መሬት ሁሉ እንደማይበቃ በተናገረ ጊዜ ተሰብሳቢዎቹ ጮኹበት። እሱ ግን ቃሉን አላጠፈም። በሴፕቴምበር 23 ቀን 1902 ዓ.ም. በሜይን ግዛት ዐረፈ። ዛሬ ወዳጅ ከወዳጅ ጋር ሆኖ በላስቲክ ጀልባ ሁለት ሦስት ሳምንት ያን ሸለቆ ይወርዳል፤ በአሸዋውም ላይ ድንኳን ይተክላል። ወንዙ ግን ለመስኖና ለከተሞች ተቀድቶ ከማለቁ የተነሣ ወደ ባሕር የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው።

ያው መለኪያ በ1869 ዓ.ም. ተስፋ ሰጠ፤ በ1893 ዓ.ም. ተስፋ አስቈረጠ። ፓውል ሁለቱንም እኩል ተናገረ። በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን በየፊናችን የምንለያይ እኛም፣ ስንለያይ ያለ ጠብ እንድንለያይ፣ የለካነውንም እውነት ሰው ቢወደውም ቢጠላውም እንድንናገር ከዚህ ሰው ሕይወት ተምረናል።